የስምምነት ቋጠሮ

ስሜ ማንደፍሮ ነው፤ ሥራዬ ቃሬዛ መሸከም። ተጠራጣሪ ነው ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። እኔ ሰው የምተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ ተኝቶ ነው፤ ስለዚህ ቆሞ ንግግር የሚያደርግ ሰው ሳይ ልቤ አያርፍም።

የከተማችንን ስም አልናገርም። ብናገርም አታውቋትም፤ ካወቃችኋት ደግሞ ጠብ ይመጣብኛል። ዳገቱ ላይ የላይኛው ቤት አለ፤ ታች ውሃው ዳር የወንዙ ቤት አለ፤ ከወንዙ ማዶ፣ ሩቅ፣ የገበያው ቤት አለ። ሦስቱም የሕክምና ቤቶች ናቸው፤ ሦስቱም የየራሳቸው ባለቤት አላቸው። ባለቤቶቹ ሲገናኙ ይሳሳማሉ፤ ሲለያዩ ምን እንደሚባባሉ፣ በር ላይ ስለምቆም፣ እሰማለሁ።

በኛ አገር የሰው ሕመም የሚያዘው በገመድ ነው። አንድ ሰው ሕክምና ቤት ሲገባ ገመድ ይወጣለታል፤ ምን እንዳመመው፣ ምን እንደተሰጠው፣ ምን እንደተሻለውና ምን እንደባሰበት ገመዱ ላይ ይቋጠራል። የሚቋጥረውና በጣቱ ዳብሶ የሚያነበው ሰው ገመደኛ ይባላል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ገመድ ዝናብ ቢመታው አይደበዝዝም። ችግሩ ሌላ ነው። የላይኛው ቤት ከታች ወደ ላይ ይቋጥራል፤ የወንዙ ቤት ከላይ ወደ ታች። ላይኛው ቤት ቀይ ማለት አደጋ ነው፤ ወንዙ ቤት ቀይ ማለት ያገባ ማለት ነው። የገበያው ቤት ቀለም የሚባል ነገር አያውቅም፤ ዶቃ ነው የሚያስገባው። የአንዱን ቤት ገመድ ወስዳችሁ ለሌላው ብትሰጡት ወይ ማንበብ ያቅተዋል፣ ወይ ይባስ ብሎ ያነበዋል።

ለምን እንዲህ ሆነ ብላችሁ ስትጠይቁ የሕመምተኛን ምስጢር ለመጠበቅ ነው ይሏችኋል። ይሁና። እኔ የታዘብኩት ግን ገመዱ ላይኛው ቤት የተሰቀለ ሰው፣ ጉልበቱ ቢከዳውም ሐኪሙ ቢያመናጭቀውም፣ ዳገቱን እየቧጠጠ መውጣቱን ነው። የት ይሄዳል? ሌላ ቤት ቢሄድ ዛሬ እንደተወለደ ነው የሚያዩት። አንድ ሽማግሌ ገመዴን ስጡኝና ልሂድበት ሲሉ ሰምቻለሁ።

«ገመዱ የእርስዎ ነው፤ ግን ከዚህ አይወጣም» አሏቸው።

«የኔ ከሆነ እንዴት አይወጣም?»

«የእርስዎ ስለሆነ እኮ ነው የምንጠብቅልዎ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና አመስግነው ተቀመጡ። እኔ ነኝ በመጨረሻ ተሸክሜ ያወረድኳቸው።

ይህን ሁሉ የማወራችሁ በባለቤቴ ምክንያት ነው። ይርገዱ ትባላለች። ያን ጊዜ የምንኖረው ዳገቱ ላይ ነበር፤ ትኩሳት ያዛትና ላይኛው ቤት ወሰድኳት። ቢጫ ዱቄት ሰጧት። ቢጫ ዱቄት ከሐይቁ ማዶ የሚመጣ መድኃኒት ነው፤ ለትኩሳት የሚስተካከለው የለም፤ እኔ ተሸክሜ ካስገባኋቸው ስንቱን በእግሩ አስወጥቷል። ይርገዱን ግን ሊገድላት ነበር። ማንኪያው ከአፏ እንደወጣ ከንፈሯ አበጠ፣ አንገቷ አበጠ፣ ትንፋሽ አጣች። ዓይኗን ወደኔ አዞረች። ያን አስተያየቷን እስካሁን ስተኛ አየዋለሁ። ሐኪሞቹ ተረባርበው መለሷት። ከዚያ ጠገናው የሚባል ገመደኛ እጁ እየተንቀጠቀጠ ገመዷ ላይ ድርብ ቀይ ቋጠሮ አሰረ።

«ይህ ማለት ቢጫ ዱቄት እንዳይቀርባት ማለት ነው» አለኝ። «ሁለተኛ ከቀመሰች አትተርፍም።»

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ይዣት ወጣሁ። በኋላ ኑሯችን ታች ወንዙ ዳር ሆነ። ቋጠሮው ዳገቱ ላይ ቀረ።

ታዲያ እንዴት ኖራችሁ ትሉኝ ይሆናል። በጩኸት ነዋ። እኛ የቃሬዛ ሰዎች አንድ ልማድ ነበረን። ሕመምተኛ ይዘን ከየትኛውም ቤት በር ስንደርስ፣ ቃሬዛውን መሬት ሳናስነካ፣ ስለ ሰውየው የምናውቀውን እንጮኻለን። ይህ ሰው ዓምና ልቡን ታሟል፣ ይቺ ነፍሰ ጡር ናት፣ እሱ ደግሞ ጠጥቷል እንጂ ምንም አልሆነ። ውስጥ ያሉት ይሰማሉ፤ መንገደኛውም ይሰማል። ከኋላዬ የሚሸከመው ባልደረባዬ ቢያድግልኝ ድምፁ ወንዙን ይሻገራል። እሱም የራሱ ጣጣ አለበት፤ ከተቆረጠ ደሙ አይቆምም። የሚያውቅለት የገበያው ቤት ብቻ ነው። የእንጨቱ ስንጥር በወጋው ቁጥር አዝዬው ወደ ቅርቡ ቤት እሮጥና «ደሙ አይቆምም፣ እንዳትበጡት» ብዬ እጮኽለታለሁ፤ የኛ ሐኪሞች እጃቸው ለመብጣት ፈጣን ነውና።

ልማዱ ቆንጆ ነበር አልልም። መንደሩ ሁሉ የማን ኪንታሮት እንዳበጠ ያውቅ ነበር። የአንዲት ወይዘሮ የማህፀን ሕመም አደባባይ ላይ ተጮኸና ባሏ ቃሬዛውን ሊሰብርብን መጥረቢያ ይዞ መጣ፤ አልፈርድበትም። ግን ይርገዱ በየዓመቱ ወባ ሲጥላት፣ ወንዙ ቤት ስንደርስ፣ ቢያድግልኝ «ዱቄት አይስማማትም» ብሎ ያስተጋባል፤ እነሱም የመረረ ቅጠል ይሰጧታል፤ ቀስ ብላ ትድናለች። እንዲህ ነበር የኖርነው።

በአጨዳው ሰሞን ሦስቱ ቤቶች ተስማሙ ተባለ። ሜዳው ላይ ድንኳን ተተከለ፤ የገመድ ኅብረት ተመሠረተ። ዋና አስማሚ የሚባል ሹመትም ወጣ። ምራቁን የዋጠ፣ ልብሱ የነጣ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው አገኙለት።

«ከእንግዲህ» አለ ዋና አስማሚው «ገመዳችሁ ከእናንተ ቀድሞ ይደርሳል።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ይርገዱም እልል አለች። እኔ አፌ አያርፍ፣ «ከደረሰ በኋላ ማን ያነበዋል?» አልኩ።

ዋና አስማሚው ፈገግ አለ። ሰው ፈገግ ብሎ ሲመልስልኝ አልወድም። «ወንድሜ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። ማንበብ ሁለተኛው ምዕራፍ ነው። መጀመሪያ መድረስ አለበት።»

«አፍህን ብትዘጋ ምን ትሆናለህ?» አለችኝ ይርገዱ በክርኗ ጎሸም አድርጋ። ግን ነገሩ አልጣመኝም።

መጀመሪያ የተነጋገሩት ስለ ማንጠልጠያው ነበር። የአንዱ ቤት ማንጠልጠያ የእንጨት፣ የሌላው የብረት፣ የሦስተኛው የቀንድ ነው፤ ይህ እንዴት ይሆናል ተባለ። ስብሰባ ላይ ስብሰባ ተደረገ። ላይኛው ቤት ከፍ ይበል አለ፣ ወንዙ ቤት ዝቅ ይበል አለ፣ የገበያው ቤት ግድ የለኝም ብሎ ከሁለቱም ጋር ተጣላ። በመጨረሻ በሦስቱም ቤት የናስ ማንጠልጠያ፣ በአንድ ቁመት፣ ተሰቀለ። እኔም ሄጄ አየሁት፤ ያብረቀርቃል። ዋና አስማሚው ይህ በዓይነቱ የመጀመሪያ ነው አለ፤ እዚህ ላይ አልዋሸም።

ቀጥሎ ወደ ቋጠሮው መጡ። ሦስቱም ቤቶች አንድ ዓይነት አድርገው የሚቋጥሩትን ፈለጉ፤ ፈልገው ፈልገው አገኙ፦ ወንድ፣ ሴት፣ ሞቷል። በቀረው ላይ የኔ ይሁን የኔ ይሁን ሆነና ፀጉር መናጨት ብቻ ቀራቸው። ያኔ ነው ዋና አስማሚው መላውን ያመጣው። ዋናው ገመድ በየባለቤቱ ቤት ይቀመጥ፤ ተጓዥ ገመድ የሚባል አምሳያ ይሠራ፤ ያልተስማሙበት ነገር ሁሉ ተጓዡ ገመድ ላይ በአንድ ዓይነት ቋጠሮ ይታሰር አለ። የስምምነት ቋጠሮ ተባለ። ሲያዩት ደስ ይላል፤ አበባ ይመስላል። ትርጉሙ «እዚህ ላይ አንዱ ቤት የሚያውቀው ነገር አለ» ማለት ነው። ጥርስ ሕመም ይሁን እብደት አይናገርም። በከተማው ውስጥ ይህ አበባ ገመዱ ላይ የሌለበት ሰው አልነበረም፤ አንዳንዱ ሰውማ ገመዱ የሙሽራ አክሊል መስሎ ነበር።

ሐኪሙ በውስጡ ያለውን ማወቅ ቢፈልግስ? ለዚህም አስበውበታል። እያንዳንዱ ቤት በሌሎቹ ቤቶች አንድ እማኝ አስቀመጠ። በአበባው ሆድ ውስጥ ባለቤቱ ቤት የደበቀው ምልክት አለ፤ እሱን ዳብሶ የሚያውቀው የዚያ ቤት እማኝ ብቻ ነው። እማኙ ደግሞ የቤቱን ቋጠሮ ለሌላ ቤት እንዳይፈታ መሐላ አለበት።

«ታዲያ ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል?» አልኩት ለወንዙ ቤት ዘበኛ።

«ይዳብስና ሙሉ ሆኖ ደርሷል ብሎ ይመሰክራል።»

«ምን እንደደረሰ ሳይናገር?»

«ምን እንደደረሰማ ምስጢር ነው» አለኝ፤ ጅል እንደሆንኩ ሁሉ እያየኝ። ወንዙ ቤት የላይኛው ቤት እማኝ ሆኖ የመጣው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጠገናው። ያ እጁ ሲንቀጠቀጥ ያየሁት።

ኅብረቱ የሠራው ሌላም ነገር አለ። ቢጫ ዱቄቱን በጋራ ማስመጣት ጀመሩ። ዱቄቱ ብርቅ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ዱቄት ጠባቂ የሚባል ዱላ የያዘ ሰው ተመደበለት። በዚህ ጉዳይ ላይ ማንም ከማንም አልተጣላም።

በመጨረሻም እኛ ዘንድ መጡ። ገመድ ባለበት ጩኸት ትርፍ ነው፣ የሰውንም ክብር ይነካል ተብሎ ታወጀ። ከበር ላይ የሚጮህ ተሸካሚ ቃሬዛው ይወሰድበታል። ቢያድግልኝ አዋጁን ሰምቶ ሳቀ። «እኔ ደግሞ ድምፄን ለምን ልጠቀምበት ነው? ዘፋኝ ልሁን?» አለ። ያች ወይዘሮ ባሏን ልካ አመሰገነችን። እኔም እውነት ለመናገር ሰዉ በየበሩ ከማፈር መዳኑን አልጠላሁትም። ግን ይርገዱን አስቀምጬ ወባ ቢይዝሽ ምን እናደርጋለን አልኳት።

«ገመዴ ይነግራቸዋል» አለች።

«ገመድሽ ላይ ያለው አበባ ነው።»

«አንተ ደግሞ ነገር ስትወድ! እነዚህን የሚያህሉ ሰዎች አንድ ዓመት ሙሉ ተሰብስበው ይህን ሳያስቡት ይቀራሉ?»

እኔም እንደዚያ ብዬ ማመን ፈልጌ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ሲጎድል፣ እንደ ልማዷ፣ ወባ ጣላት። የዚያን ዓመቱ ግን ከልማዱም የከፋ ነበር፤ ሰው መለየት አቃታት፣ እናቷን ትጠራለች፣ እናቷ የሞተችው ገና ሳንጋባ ነው። እኔና ቢያድግልኝ ተሸክመናት ሮጥን። በሩ ጋ ስንደርስ የቢያድግልኝ ደረቱ ሲነፋ ከኋላዬ ይሰማኛል። ዘበኛው ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ቢያድግልኝ የነፋውን አየር ቀስ ብሎ አስወጣው፤ ዝም ብለን ገባን።

ገመዷ በእርግጥ ቀድሞን ደርሶ ነበር። ናሱ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሏል። የወንዙ ቤት ሐኪም እመት ውድነሽ ናቸው፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ሰው ይበዛባቸዋል እንጂ። ገመዱን ላዩን ዳሰስ አደረጉት።

«ሴት ናት» አሉ።

«እሱንስ አውቃለሁ» አልኩ። «እመት ውድነሽ፣ ቢጫ ዱቄት እንዳይሰጧት። ይገድላታል።»

«ገመዷ ላይ አላየሁም።»

«ይኸው እሱ ነው፣ አበባው!»

«አንተ ማንደፍሮ» አሉኝ ደክሟቸው፣ «ይህ ቋጠሮ የኔም ገመድ ላይ አለ። እሱን እያየሁ ዱቄት ብከለክል በዚህ ወባ ሰው ያልቃል። ትኩሳቷን ታያለህ? ቅጠል የምጠብቅበት ጊዜ የለኝም።»

«እኔ ባሏ እያልኩዎት?»

«ባል የሚለውን እንዳንቀበል ታዘናል። ተሸካሚ የሚለው ደግሞ ጭራሽ ተከልክሏል። አንተ ሁለቱም ነህ።»

ይርገዱ ከቃሬዛው ላይ ሆና «አይስማማኝም» አለች፤ በግልጽ ተሰማ። እመት ውድነሽ ዘወር ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ሕመምተኛ ስለ ራሱ የሚናገረው አይያዝም» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ በፊቱ አልነበረም። «እማኙን ጥሩልኝ።»

ጠገናው መጣ። ሸብቷል። ገመዱን ያዘ፣ አበባውን በሁለት ጣቱ ጫን አደረገው፤ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ዓይኑን ከገመዱ አንሥቶ ቃሬዛው ላይ ያለችውን አያት።

«ጠገናው» አልኩት፣ «አንተ ነህ የቋጠርከው። በእጅህ ነው የቋጠርከው።»

ገመዱን ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

«ንገራቸው እንጂ! አትተርፍም ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«መሐላ አለብኝ» አለ። ከዚያ ወደ እመት ውድነሽ ዞሮ፣ «ቋጠሮው የኛ ቤት ነው። ሙሉ ሆኖ ደርሷል» አለ። እንዲህ ብሎ ሲያበቃ መሄድ ነበረበት። አልሄደም። ገመዱን እንደጨበጠ ቆመ፤ እመት ውድነሽ ልቀቅ ቢሉት እጁ አልላቀቅ አለው። እሳቸውም ይህን አይተው ትንሽ አመነቱ። ግን ትኩሳቱ ነደደ፤ ትእዛዝም ትእዛዝ ነው። ዱቄት ጠባቂው ገንቦውን አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ማንኪያው ገንቦው ውስጥ ገባ፣ ሞልቶ ወጣ።

ያኔ ደሜ ፈላ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ግድግዳው ላይ ተደግፎ የነበረ ትርፍ የቃሬዛ እንጨት አነሳሁና ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ጠረግኩት። ማንኪያውም፣ ገንቦውም፣ ሦስቱ ቤቶች ከሐይቁ ማዶ ያስመጡት ዱቄትም መሬት ላይ ተደፋ። ቤቱ ሁሉ ቢጫ ሆነ፤ የእመት ውድነሽ ጫማ ቢጫ ሆነ፤ የጠባቂው ፂም ቢጫ ሆነ። ቢያድግልኝ አንዲት ብናኝ እንዳትደርስባት ጋቢውን አውልቆ ይርገዱን ከነፊቷ ሸፈናት። እመት ውድነሽ ጫማቸውን አዩ።

«እንግዲህ ቅጠል አምጡ» አሉ። «ሌላ ምን ቀረን?»

ቅጠሉ ቀስ ብሎ ነው የሠራው። ሞተች ብዬ ሁለት ጊዜ አልቅሻለሁ። ግን ዳነች።

እኔን ኅብረቱ ፊት አቀረቡኝ። ዋና አስማሚው አልተቆጣም። የተቆጣ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ሚስትህን ስለምትወድ እንረዳሃለን፣ ዱቄቱ ግን የሁላችንም ነው አለኝ። ከዚያ ገመዴ እንዲመጣ አዘዘ። የሦስቱ ቤቶች ገመደኞች መጡ፤ እነዚያ ማንጠልጠያ ላይ ሲጨቃጨቁ ዓመት የፈጁት ሰዎች ራስ ለራስ ገጥመው፣ አንዱ ይዞ፣ አንዱ ጠምዝዞ፣ አንዱ ስቦ፣ ጥቁር ቋጠሮ አሰሩብኝ። እንዲህ ተግባብተው ሲሠሩ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገሩኝም።

ያወቅኩት በኋላ ነው። ከወንዙ ማዶ የአንድ ነጋዴ እናት ተሸክሜ ስሄድ እግሬ ታጠፈ፤ ከዚያ በፊት ታክሜበት የማላውቀው የገበያው ቤት ገባሁ። ሐኪሙን አላውቀውም፤ እሱም አያውቀኝም። ገመዴ ቀድሞኝ ደርሷል። ሐኪሙ ሌላ ወሬ እያወራ፣ ዓይኑን እንኳ ሳይጥልበት፣ ጣቱን ገመዴ ላይ አሳለፈ። ጥቁሩ ቋጠሮ ጋ ሲደርስ ወሬውን አቋረጠ።

«ዱቄቱን ከዚህ አንሱልኝ» አለ። ጠባቂው ገንቦውን አቅፎ ወደ ጓዳ ሮጠ።

እማኝ አልተጠራም፤ መሐላ የለም፤ ሁለተኛ ምዕራፍ የለም። «ይህን ቋጠሮ እንዴት አወቅከው?» አልኩት።

«የዱቄት ደፊ ቋጠሮማ በሦስቱም ቤት አንድ ነው። ከዚህ ሰው ዱቄት ይራቅ ማለት ነው።»

«መቼ ተስማማችሁበት?»

«ስለ ዱቄቱ በተሰበሰብን በመጀመሪያው ቀን፣ ከምሳ በፊት» አለኝ። «ቁርጭምጭሚትህ እዚህ ጋ ነው የሚያምህ?»

ቁርጭምጭሚቴ አልነበረም የሚያመኝ። ስመለስ መንገዱን ሁሉ እያነከስኩና እየተሳደብኩ ነው የመጣሁት። ይቻላል ማለት ነው። ለካ ሲፈልጉ ይቻላል።

ቤት ደርሼ ለይርገዱ ነገርኳት። እሷም ትናደዳለች፣ ተደጋግፈን እንናደዳለን ብዬ ነበር። እሷ ግን ድንች መላጧን አቆመች።

«ቋጠሮው ምን ይላል አልከኝ?»

«ከዚህ ሰው ዱቄት ይራቅ።»

«በሦስቱም ቤት?»

«በሦስቱም ቤት። ሳይጠይቁ።»

ቢላዋውን አስቀመጠችና ተነሥታ ነጠላዋን ፈለገች። «አንቺ፣ ወዴት ነው?» ብላት «ና ተከተለኝ» ብቻ አለችኝ።

ወንዙ ቤት ገባች። ሕመምተኛ አይደለችም፤ እመት ውድነሽን ለማመስገን መጣሁ አለች። እመት ውድነሽ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከኋላችን የቆመውን ቢያድግልኝን አዩ። ብልህ ሴት ናቸው። ጠባቂውን ዱቄት አምጣ፣ ለማሳየት ያህል ትንሽ ብቻ፣ አሉት። እሱም በሲኒ ቆንጥሮ አመጣ። ሲኒውን ተቀብለው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ግማሹ ከጠርዙ ወጥቶ፣ አስቀመጡትና መስኮቱን ለመክፈት ዞሩ። መስኮቱ ክፍት ነበር።

ይርገዱ በነጠላዋ ጫፍ አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች፤ ክንዷን ዘረጋችና በአንድ ጣቷ ሲኒውን ገፋችው።

ጠባቂው ጮኸ። እመት ውድነሽ ዞረው ወይኔ ጉዴ አሉ፤ ከአንገት በላይ መሆኑ ያስታውቅባቸዋል። ገመደኛ ተጠራ፤ እማኞችም ተጠሩ፤ ጠገናው የመጣው እየሮጠ ነው። ጥቁሩን ክር ማንም ሳይሰጠው ከገመደኛው እጅ ወሰደና እሱ ራሱ ገመዷ ላይ፣ ከአበባው አጠገብ፣ ቋጠረው። ጥርሱን ነክሶ ሳበው። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

«ጠበቀ?» አለችው ይርገዱ።

«ጠብቋል፣ እህቴ» አላት። «ይህን ማንም ያነበዋል።»

ከዚያ ወዲህ እንደ ዱሮዋ ትኖራለች። ላይኛው ቤትም ሄዳ ነበር፤ ገና ገመዷን ሲነኩ ዱቄቱን ሸሸጉባት። ሌባ መስዬ ነው የምገባው ትላለች፤ አይከፋትም። ወሬው ደግሞ አንዴ ከወጣ አይያዝም፤ ዱቄት የማይስማማው ሰው ሁሉ እየሄደ ሲኒ መግፋት ጀመረ። ኅብረቱ በከተማው ሥነ ምግባር ተበላሸ ብሎ ሊሰበሰብ ነው ይባላል። ጥቁሩን ቋጠሮ ወደ አበባ ሊለውጡት እንደሆነም ሰምቻለሁ። እኔ ከነሱ የማልጠብቀው የለም።

ትናንት ቃሬዛውን ስንጠግን ቢያድግልኝ እንጨቱን ተወና የእጁን መዳፍ ገልብጦ ያይ ጀመር። ስንጥር ገብቶበት እንደሆነ ብዬ ደነገጥኩ። አልገባም።

«ማንደፍሮ» አለኝ። «ለማይቆም ደምስ ቋጠሮ የሚታሰርልኝ ምኑን ስደፋ ነው?»

አንድ ነገር አናጣም አልኩት። ከዚያ ቀኑን ሙሉ አሰብን፤ እስካሁን አላገኘንም።